ናንዲግራም፦ መሬቱን የጠበቀ ድምፅ

ናንዲግራም በምሥራቅ ሕንድ፣ በምዕራብ ቤንጋል ግዛት፣ ፑርባ ሜዲኒፑር በሚባለው የባሕር ዳርቻ አውራጃ ውስጥ የሚገኝ ምርጫ ክልል ነው። 294 መቀመጫዎች ላሉት የግዛቱ ምክር ቤት አንድ ተወካይ ይልካል፤ በምርጫ ካርታው ላይ የተሰጠው ቁጥርም 210 ነው። ከካልካታ በስተደቡብ ምዕራብ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ የሃልዲ ወንዝ ከሁግሊ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ቤንጋል ባሕረ ሰላጤ በሚወርድበት ረግረጋማ ሜዳ ላይ ተዘርግቷል። ሕዝቡ በሩዝ፣ በሚታኘክ የቢትል ቅጠልና በዓሣ የሚተዳደርበት፣ ከመቶው ከዘጠና የሚበልጠው ነዋሪ በመንደር የሚኖርበት ገጠር ነው። ይህ ገጠር በአሥራ አምስት ዓመት ጊዜ ውስጥ በመላው ሕንድ ሁለት ጊዜ የሁሉም ዓይን ያረፈበት ሆኗል። አንደኛው በ2007 አርሶ አደሮቹ መሬታችንን አንሰጥም ብለው በወደቁ ጊዜ ነው። ሁለተኛው በ2021 የግዛቷን ርዕሰ መስተዳድር በራሷ ምርጫ ላይ በጣሉ ጊዜ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የምርጫ ክልሉ ናንዲግራም አንድ እና ናንዲግራም ሁለት የሚባሉ ሁለት የልማት ወረዳዎችን ያቀፈ ነው። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ ሁለቱ ወረዳዎች በድምሩ ከ3 መቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ነበራቸው። በሃይማኖት ስብጥራቸው ግን አይመሳሰሉም። በናንዲግራም አንድ ከነዋሪው ሲሶ ያህሉ ሙስሊም ሲሆን፣ በናንዲግራም ሁለት የሙስሊሙ ድርሻ ከመቶው 12 ገደማ ነው። ለፌዴራሉ ፓርላማ ምርጫ ሲሆን ሁለቱም በታምሉክ የምርጫ ክልል ውስጥ ይጠቃለላሉ። በሃልዲ ወንዝ ማዶ የሃልዲያ ወደብና የፔትሮኬሚካል ፋብሪካዎቹ ቆመዋል። የናንዲግራም ሰው በጀልባ ተሻግሮ እዚያ የቀን ሥራ ይሠራል፤ ማታ ወደ ሩዝ ማሳው ይመለሳል። የፋብሪካው ጭስ ማውጫና የሩዝ ማሳው እንዲህ ፊት ለፊት መተያየታቸው ለኋላው ታሪክ ትልቅ ትርጉም አለው።

የሕንድ የምርጫ ሥርዓት ቀላል ነው። በአንድ ክልል ከተወዳደሩት ውስጥ ብዙ ድምፅ ያገኘ እጩ፣ ከግማሽ በታች ቢያገኝም እንኳ፣ መቀመጫውን ይወስዳል። ስለዚህ ተቃዋሚዎች ሲከፋፈሉ አንዱ ወገን በትንሽ ብልጫ ለዓመታት ሊያሸንፍ ይችላል፤ ተቃዋሚው ሲሰበሰብ ደግሞ የማይነቃነቅ የሚመስለው ወንበር በአንድ ቀን ይገለበጣል። የናንዲግራምን የምርጫ ውጤቶች ለመረዳት ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል።

የአካባቢው የፖለቲካ ታሪክ ከምርጫው ይቀድማል። የታምሉክ አገር በጥንት ዘመን ታምራሊፕቲ በሚባል ወደብ የታወቀ ነበር። በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን ደግሞ የሜዲኒፑር አውራጃ ከቤንጋል ሁሉ አስቸጋሪው ሆኖ ይታይ ነበር። በ1942 ጋንዲ እንግሊዞች ሕንድን ለቀው እንዲወጡ ጥሪ ባቀረቡ ጊዜ የታምሉክ ሰዎች ሰልፍ ከመውጣት አልፈው የራሳቸውን መንግሥት አቋቋሙ። መስከረም 29 ቀን 1942 ማታንጊኒ ሃዝራ የተባሉ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው ባልቴት ሰንደቅ ዓላማ ይዘው በታምሉክ ሲጓዙ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። በሁለት ሳምንት ልዩነት፣ ጥቅምት 16፣ ከባሕሩ የተነሣ ኃይለኛ ማዕበል አውራጃውን አጥለቀለቀው፤ ከ10 ሺህ የሚበልጥ ሰውም ሞተ። ታኅሣሥ 17 የታምራሊፕታ ብሔራዊ መንግሥት ተመሠረተ። ናንዲግራም ይህ መንግሥት ከተቋቋመባቸው አራት የፖሊስ ቀጠናዎች አንዱ ነበር። መንግሥቱ የራሱ ፍርድ ቤትና የራሱ የዕርዳታ ሥራ ነበረው፤ እስከ 1944ም ቆየ። ከላይ ከሚመጣ ትእዛዝ ይልቅ በመንደር የሚቋቋም ኮሚቴን ማመን በዚህ አካባቢ ልማድ ሆኖ የቀረው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ውርስ ከመሬት ጋር የተያያዘ ነው። በቤንጋል የነበረው አራሽ ከምርቱ እኩሌታውን ለባለ መሬቱ ያስረክብ ነበር። በ1946 የገበሬ ማኅበሩ ባለ መሬቱ ከሲሶ በላይ አይወስድም፣ ሁለቱ እጅ ለአራሹ ይሁን ብሎ ተነሣ። ተብሃጋ የሚባለው ይህ ንቅናቄ በናንዲግራም ሥር ሰደደ፤ በኮሚኒስቶች መሪነትም ተካሄደ። የእኩል አራሽ፣ የሲሶና የእርቦ ነገር እንግዳ ያልሆነበት፣ መሬት ለአራሹ የሚለውን መፈክር የሚያስታውስ የኢትዮጵያ አንባቢ ጥያቄው ምን ያህል የሕይወትና የሞት ጉዳይ እንደነበር ለመገመት አይቸገርም። ከተብሃጋ መሪዎች አንዱ ቡፓል ቻንድራ ፓንዳ ነበሩ። እኒህ ሰው በኋላ የናንዲግራም የምክር ቤት ተወካይ ሆነው ደጋግመው ተመረጡ።

በነጻነት ማግስት በተደረጉት የመጀመሪያዎቹ ምርጫዎች ናንዲግራም ሰሜንና ደቡብ ተብሎ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። በ1952 አገሩን ሁሉ የያዘው የኮንግረስ ፓርቲ እዚህም ያዘ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ግን ሚዛኑ ተለወጠ። ቡፓል ፓንዳ በሕንድ ኮሚኒስት ፓርቲ ስም በ1967፣ በ1969፣ በ1971ና በ1972 አራት ጊዜ ተከታትለው አሸነፉ። በእነዚያ ዓመታት የቤንጋል መንግሥታት በየጊዜው እየፈረሱ ምርጫው ይደጋገም ነበር፤ ናንዲግራም ግን በአንድ ሰው ጸና። ሰውየው ተወካይ ከመሆናቸው በፊት በመንደሩ ለአራሹ ድርሻ የታገሉ ስለነበሩ መራጩ ፓርቲውን ከማወቁ በፊት እሳቸውን ያውቃል።

በ1977 የሆነው ለላይ ተመልካች ግራ ያጋባል። በዚያ ዓመት ግራ ክንፍ ግንባር የሚባለው የኮሚኒስቶች ጥምረት የምዕራብ ቤንጋልን ሥልጣን ያዘ፤ የኮሚኒስቶች ጎጆ የነበረው ናንዲግራም ግን የጃናታ ፓርቲውን ፕራቢር ጃናን መረጠ። ምክንያቱ ኮሚኒስቱ ከኮሚኒስት የተለያየ መሆኑ ነው። ፓርቲው በ1964 ለሁለት ተሰንጥቆ ማርክሲስት የሚል ቅጥያ የያዘው ወገን ራሱን ችሎ ወጥቶ ነበር። የግራ ግንባሩን የመሠረተውም እሱ ነው። የናንዲግራሙ ነባር ፓርቲ በአንጻሩ ኢንዲራ ጋንዲ ከ1975 እስከ 1977 ያወጁትን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደግፎ ነበር። አዋጁ በሕዝብ ሲጠላ ደጋፊውም አብሮ ተጠላ። ነባሩ ፓርቲ ከዚያ በኋላ ወደ ግራ ግንባሩ ገባ፤ በ1982 ቡፓል ፓንዳ ወንበሩን መልሰው ያዙ። በ1987ና በ1991 ደግሞ ሻክቲ ባል ለዚሁ ፓርቲ አሸነፉ።

የግራ ግንባሩ ለ34 ዓመት ሳይናወጥ የገዛበት ዋናው ምስጢር በገጠሩ የሠራው ሥራ ነው። በ1978 የጀመረው የአራሾች ምዝገባ 1.4 ሚሊዮን ያህል የእኩል አራሾችን በመዝገብ አሰፈረ። የተመዘገበ አራሽ ከእርሻው በዘፈቀደ አይባረርም፤ መብቱም ለልጁ ይተላለፋል። ከዚህ ጋር ከትልልቅ ባለ መሬቶች የተወሰደ ትርፍ መሬት ለመሬት አልባው ታደለ፤ የመንደር ምክር ቤቶችም በምርጫ ሥልጣን ያዙ። ድሀው ገበሬ ለግራ ግንባሩ ድምፅ ሲሰጥ የሚሰጠው ለመሬቱ ዋስትና ነበር። ይህን የሰጠው ወገን ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያንኑ መሬት ለፋብሪካ ለመውሰድ መምጣቱ የቤንጋል ኮሚኒስቶች ታሪክ ትልቁ ስብራት ነው።

ግንባሩ በናንዲግራም ሁልጊዜ ያለ ችግር አላሸነፈም። በ1996 የኮንግረሱ ዴቢሻንካር ፓንዳ ወንበሩን ወሰዱ። በ1998 መጀመሪያ ማማታ ባነርጂ ከኮንግረስ ተገንጥለው ትሪናሙል ኮንግረስን ሲመሠርቱ የፀረ ኮሚኒስቱ ድምፅ ወደ አዲሱ ፓርቲ መፍሰስ ጀመረ። በ2001ና በ2006 የኮሚኒስት ፓርቲው ሞሐመድ ኢሊያስ አሸነፉ፤ በ2006 ያሸነፉት ግን የትሪናሙሉን ሼክ ሱፊያንን በጠባብ ልዩነት ነበር። በዚያው ምርጫ ግራ ግንባሩ ከ294 መቀመጫዎች 235ቱን ጠቅልሎ ስለወሰደ በአንድ የባሕር ዳርቻ ወረዳ የታየውን ጥበት ልብ ያለው አልነበረም።

ርዕሰ መስተዳድሩ ቡድዳዴብ ባታቻርጂ ያን ድል የኢንዱስትሪ ፈቃድ አድርገው ወሰዱት። ሐሳባቸው ከንቱ አልነበረም። እርሻው የሚችለውን ያህል ሰጥቷል፤ የተማረው ወጣት ሥራ የለውም፤ ፋብሪካዎች ለዓመታት ከቤንጋል ሸሽተዋል። በሲንጉር ለታታ የመኪና ፋብሪካ መሬት ተወሰደ። በናንዲግራም ደግሞ የኢንዶኔዥያው ሳሊም ግሩፕ የሚሳተፍበት፣ 10 ሺህ ኤከር ያህል መሬት የሚያርፍበት የኬሚካል ኢንዱስትሪ ማዕከል በልዩ የኢኮኖሚ ዞንነት እንዲቋቋም ታቀደ። ስህተቱ የሄዱበት መንገድ ነው። ለገበሬው መጀመሪያ የደረሰው ውይይት ሳይሆን ማስታወቂያ ነበር። በታኅሣሥ 2006 መጨረሻ የሃልዲያ ልማት ባለሥልጣን የሚወሰዱትን መንደሮች የሚዘረዝር ማስታወቂያ አወጣ። ባለሥልጣኑን የሚመሩት ደግሞ የታምሉክ የፓርላማ ተወካይና የማርክሲስቱ ፓርቲ ጉልህ ሰው ላክሽማን ሴት ነበሩ።

ጥር 3 ቀን 2007 በጋርቻክራቤሪያ መንደር ነዋሪዎች ከፖሊስ ጋር ተጋጩ። ከሁለት ቀን በኋላ መፈናቀልን የሚቃወም የመሬት ተከላካይ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ የትሪናሙል ሰዎች፣ የኮንግረስ ሰዎች፣ ትንሽ የግራ ፓርቲና የሙስሊም ሊቃውንት ማኅበር በአንድ ገቡ። የትናንት የኮሚኒስት አባላትም ሳይቀሩ ተቀላቀሉ። ወጣቱ መንገዱን ቆፈረ፤ ድልድዮችን ሰበረ። ፖሊስና ሹም ሊገባ እንዳይችል አገሩ ተዘጋ። ለፓርቲው ታማኝ የሆኑ ቤተሰቦች ደግሞ ቤታቸውን ጥለው ታልፓቲ ቦይን እየተሻገሩ ወደ ኬጁሪ ሸሹ፤ በዚያም መጠለያ ውስጥ ወራት አሳለፉ። መከራው ከሁለቱም ወገን እንደነበረ መካድ አይገባም። ርዕሰ መስተዳድሩ ሕዝቡ ካልፈለገ መሬቱ እንደማይወሰድ ቢናገሩም ቃሉ በመንደሩ አልታመነም።

መጋቢት 14 ቀን 2007 በሺዎች የሚቆጠር ፖሊስ የተዘጋውን አገር ለማስከፈት በባንጋቤራ ድልድይና በጎኩልናገር በኩል ገባ። ሰዎቹ ሴቶችንና ሕጻናትን ከፊት አሰልፈው ቆመው ነበር። በአንድ በኩል ሂንዱዎች አምልኳቸውን ያደርሳሉ፤ በሌላ በኩል ሙስሊሞች ቁርዓን ይቀራሉ። ፖሊስ ተኮሰ፤ 14 ሰዎች ሞቱ። በነጋታው የካልካታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራሉ ምርመራ ቢሮ ነገሩን እንዲያጣራ አዘዘ፤ በኅዳር ወር ደግሞ ተኩሱ ሕገ መንግሥቱን የጣሰ ነው ብሎ ለተጎጂዎች ካሳ እንዲከፈል ፈረደ። በዚያው ኅዳር የፓርቲው የታጠቁ ሰዎች መንደሮቹን በኃይል መልሰው ያዙ። የግዛቱ አገረ ገዥ፣ የማኅተመ ጋንዲ የልጅ ልጅ ጎፓልክሪሽና ጋንዲ፣ ድርጊቱን በግልጽ አወገዙ። በካልካታ ጎዳናዎች ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ደራሲያን፣ ተዋንያን፣ መምህራንና ተማሪዎች ያለ ፓርቲ ዓርማ ተሰለፉ። ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ግራውን የደገፉ ነበሩ። ግራው የቤንጋልን ምሁር ያጣው ያኔ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ በኋላ ደሙ ወደ ድምፅ ተለወጠ። በግንቦት 2008 በተደረገው የአካባቢ ምክር ቤቶች ምርጫ የፑርባ ሜዲኒፑር አውራጃ ምክር ቤት ከግራው እጅ ወጥቶ ለትሪናሙል ተሰጠ። በዚያው ዓመት ኢሊያስ በድብቅ ካሜራ 10 ሺህ ሩፒ ሲቀበሉ ታይተው ከምክር ቤቱ ለቀቁ። ለማሟያ ምርጫው ትሪናሙል ያቀረበው እጩ የፓርቲ ሹም አልነበረም። ፊሮጃ ቢቢ የተባሉ፣ ልጃቸው በመጋቢት 14ቱ ተኩስ የሞተባቸው የገጠር እናት ነበሩ። በጥር 2009 የኮሚኒስት ፓርቲውን እጩ ፓራማናንዳ ባራቲን ወደ 40 ሺህ በሚጠጋ ድምፅ አሸነፉ። እዚህ ላይ መታዘብ የሚገባ ነገር አለ። መሬቱን ሊወስድ የመጣው የማርክሲስቱ ፓርቲ ነው፤ በጥምረቱ የወንበር ድልድል መሠረት ናንዲግራም የተሰጠው ግን ለታናሹ ለነባሩ የኮሚኒስት ፓርቲ ነው። በተብሃጋ ከገበሬው ጎን የቆመው፣ ቡፓል ፓንዳን ያስመረጠው ፓርቲ ለሌላው ጥፋት ዕዳ ከፈለ። ከዚያም ወዲህ በናንዲግራም አልተነሣም።

በ2009 የፌዴራል ምርጫ ከኮሚቴው አደራጆች ዋነኛው፣ ወጣቱ ሱቬንዱ አዲካሪ፣ በታምሉክ ላክሽማን ሴትን በከፍተኛ ልዩነት ጣሉ። የአዲካሪ ቤተሰብ በባሕር ዳርቻው አውራጃ የተደላደለ ሥር ያለው ነው፤ አባታቸው ሲሲር አዲካሪም በዚያው ዓመት ከአጎራባቹ ኮንታይ ተመርጠው በፌዴራሉ መንግሥት ሚኒስትር ዴኤታ ሆነዋል። የማማታ ንግግርና የአዲካሪ ድርጅት ተጋግዘው የናንዲግራምን ቁጣ ወደ መላው ቤንጋል አዳረሱት። በ2011 ትሪናሙል 184 መቀመጫ ሲያገኝ የ34 ዓመቱ የግራ አገዛዝ አበቃ፤ ማማታም ርዕሰ መስተዳድር ሆኑ፤ የቀድሞው ርዕሰ መስተዳድር ባታቻርጂ በገዛ ምርጫ ክልላቸው በጃዳቭፑር ተሸነፉ። በናንዲግራም ፊሮጃ ቢቢ በዚያ ምርጫ ከ43 ሺህ በላይ በሆነ ልዩነት እንደገና ተመረጡ። የሕጉም ነገር ተነካ። ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራበት የቆየው የ1894ቱ የመሬት ይዞታ መውሰጃ ሕግ ተሽሮ የባለ መሬቶችን ፈቃድና ከፍ ያለ ካሳ የሚጠይቅ አዲስ ሕግ በ2013 ጸደቀ። ለዚህ ሕግ መምጣት ናንዲግራምና ሲንጉር ካደረጉት የበለጠ ያደረገ የለም።

በ2016 ትሪናሙል ፊሮጃ ቢቢን ወደ ፓንስኩራ ፓስቺም አዛውሮ ሱቬንዱ አዲካሪን በናንዲግራም አቀረበ። ውጤቱ የወንበሩ ታሪክ ከፍተኛው ድል ሆነ። አዲካሪ 134,623 ድምፅ ሲያገኙ የኮሚኒስቱ እጩ አብዱል ካቢር ሼክ 53,393 አገኙ፤ ልዩነቱ 81,230 ነው። ቢጄፒ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው የሂንዱ ብሔርተኞች ባራቲያ ጃናታ ፓርቲ በዚያ ምርጫ ያገኘው 10,713 ድምፅ ብቻ ነበር። ይህ ቁጥር ከአምስት ዓመት በኋላ ከሆነው ጋር ሲነጻጸር ነው ትርጉሙ የሚታየው።

በእነዚያ አምስት ዓመታት ሁለት ነገሮች ሆኑ። አንደኛው ግራው ሲደክም በትሪናሙል የተከፋው ገጠሬ መሸሸጊያ አጣ፤ ቢጄፒም መሸሸጊያ ሆኖ ቀረበው። በ2019ኙ የፌዴራል ምርጫ ቢጄፒ ከቤንጋል 42 መቀመጫዎች 18ቱን ሲያሸንፍ ብዙው አዲስ ድምፅ የመጣው ከግራው መራጭ ነበር። ሁለተኛው በትሪናሙል ውስጥ የተነሣው የወራሽነት ጥል ነው። ማማታ የወንድማቸውን ልጅ አቢሼክ ባነርጂን ወደ ፊት ሲያወጡ ሱቬንዱ ቅር ተሰኙ። ታኅሣሥ 19 ቀን 2020 በሜዲኒፑር ከተማ በተደረገ ትልቅ ስብሰባ ላይ በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ በአሚት ሻህ ፊት ቢጄፒን ተቀላቀሉ።

ማማታ መልሳቸውን ለመስጠት አንድ ወር አልፈጀባቸውም። ጥር 18 ቀን 2021 በናንዲግራም ተክሃሊ በተባለ ሜዳ ተገኝተው፣ ለዓመታት የተወከሉበትን የካልካታውን ባባኒፑርን ትተው በናንዲግራም እንደሚወዳደሩ አስታወቁ። ሱቬንዱም ያን ዕለት ማማታን ከ50 ሺህ በላይ በሆነ ድምፅ ካላሸነፍኩ ፖለቲካ እተዋለሁ አሉ። ትግሉን አብረው የመሩ ሁለት ሰዎች፣ በአንድ ሰማዕታት ስም እየማሉ፣ በአንድ ወንበር ላይ ተፋጠጡ። በ2006 በጠባቡ የተሸነፉት ሼክ ሱፊያን ደግሞ የማማታ የምርጫ ወኪል ሆኑ።

ዘመቻው የመሬት ጥያቄን ወደ ጎን ገፍቶ ሃይማኖትን ወደ መሀል አመጣ። ሱቬንዱ ስብሰባቸውን በሂንዱው መራጭ ላይ አተኮሩ፤ ማማታን የሙስሊሞች ወገን አድርገው የሚስሉ ቃላት ተናገሩ። የምርጫ ኮሚሽኑም በዚህ ንግግራቸው አስጠነቀቃቸው። ማማታ በበኩላቸው ሂንዱነታቸውን ለማሳየት መድረክ ላይ የአምላክት ቻንዲን ጸሎት በቃላቸው ደገሙ። በ2007 ሂንዱና ሙስሊሙ በአንድ መስመር ጎን ለጎን በጸለዩበት ቦታ ጸሎት የመለያ ምልክት ሆነ። ከዚህ የምርጫ ክልል ታሪክ ውስጥ አሳዛኙ ለውጥ ይህ ነው።

መጋቢት 10 ማማታ ዕጩነታቸውን በሃልዲያ አስመዝግበው ሲመለሱ በናንዲግራም ቢሩሊያ ገበያ እግራቸው ተጎዳ። ሆን ተብሎ ተገፋሁ አሉ፤ የምርጫ ኮሚሽኑ ግን ጥቃት ለመሆኑ ማስረጃ አላገኘሁም አለ። የቀረውን ዘመቻ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጨረሱት። ሚያዝያ 1 ቀን ድምፅ ሲሰጥ ቦያል በሚባል መንደር ደጋፊዎቻቸው እንዳይመርጡ ተከልክለዋል ብለው በምርጫ ጣቢያው ለሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጡ፤ ከዚያው ሆነውም ለአገረ ገዥው ስልክ ደወሉ። ከመራጩ ከመቶው 88 ያህሉ ድምፅ ሰጠ። በሌላ አገር የሚያስደንቅ ቁጥር ነው፤ በሜዲኒፑር ገጠር ግን ድምፅ አለመስጠት እንደ መሸነፍ ስለሚታይ የተለመደ ነው።

ግንቦት 2 ቀን ቆጠራው ቀኑን ሙሉ ተወዛወዘ። አመሻሽ ላይ ማማታ በ1,200 ድምፅ አሸነፉ የሚል ዜና በመላው አገሪቱ ተሠራጨ፤ ጥቂት ቆይቶ ተሻረ። የመጨረሻው ይፋዊ ውጤት ሱቬንዱ አዲካሪ 110,764፣ ማማታ ባነርጂ 108,808 የሚል ሆነ። ልዩነቱ 1,956 ድምፅ፣ ማለትም ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላ ነው። የማርክሲስቱ ፓርቲ ወጣት እጩ ሚናክሺ ሙከርጂ 6,267 ድምፅ አገኙ። ማማታ ድጋሚ ቆጠራ ጠየቁ፤ የምርጫ አስፈጻሚው አልተቀበለም።

ቁጥሮቹን ከ2016ቱ ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብዙ ይናገራል። ቢጄፒ ከ10,713 ወደ 110,764 ወጣ፤ በአንድ የምርጫ ዘመን አሥር እጥፍ አደገ ማለት ነው። የግራው ከ53,393 ወደ 6,267 ወረደ። ከሱቬንዱ ጋር ከትሪናሙል የወጣው ድምፅ ብቻውን አያሸንፍም ነበር፤ ያሸነፈው የግራው መራጭ በብዛት ወደ ቢጄፒ ስለዞረ ነው። አያቶቻቸው በቀይ ባንዲራ ሥር ለሁለቱ እጅ የታገሉ መራጮች ከ2007 በኋላ ትሪናሙልን ይቅር ሳይሉ ቆይተው ነበር። በትሪናሙል የአካባቢ ሹማምንት ላይ የተነሣው ምሬት፣ በተለይም በ2020 አምፋን የሚባለው ማዕበል ካደረሰው ጥፋት በኋላ የዕርዳታው ገንዘብ ለማይገባው ሰው ደረሰ የሚለው ክስ፣ ለዚህ መራጭ ተጨማሪ ምክንያት ሆነው። በአንጻሩ በናንዲግራም አንድ ያለው የሙስሊም ድምፅ በአብዛኛው ከማማታ ጋር ጸንቶ ውጤቱን እስከዚህ ድረስ አጠበበው።

በመላው ግዛት ግን ትሪናሙል 213 መቀመጫ አሸንፎ ነበር፤ ቢጄፒ 77 አገኘ። ፓርቲውን ለትልቅ ድል ያበቃ መሪ በራሱ ወንበር መሸነፉ በሕንድ እምብዛም አይታይም። የምክር ቤት አባል ያልሆነ ሰው እስከ ስድስት ወር ድረስ ሚኒስትር መሆን እንደሚችል ሕገ መንግሥቱ ስለሚፈቅድ ማማታ ግንቦት 5 ቃለ መሐላ ፈጽመው ለሦስተኛ ጊዜ ርዕሰ መስተዳድር ሆኑ። በባባኒፑር የተመረጡት የፓርቲያቸው ሰው ወንበሩን ለቀቁላቸው፤ መስከረም 30 በተደረገው የማሟያ ምርጫም በ58,835 ድምፅ ልዩነት አሸንፈው ወደ ምክር ቤቱ ተመለሱ። በናንዲግራሙ ውጤት ላይ ግን ለካልካታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቤቱታ አቀረቡ። ጉዳዩን የያዙት ዳኛ የቢጄፒ ቅርበት አላቸው ተብለው በማማታ በኩል ስለተጠረጠሩ ሐምሌ 7 ቀን 2021 ራሳቸውን አገለሉ፤ ዳኝነቱን ለማጠልሸት ተሞክሯል ብለውም ማማታን 500 ሺህ ሩፒ ቀጡ። ሱቬንዱ አዲካሪ የምክር ቤቱ የተቃዋሚዎች መሪ ሆነው ተሰየሙ።

ለናንዲግራም ታቅዶ የነበረው የኬሚካል ማዕከል ከ2007 በኋላ በሁግሊ ወንዝ አፍ ላይ ወደምትገኘው ናያቻር ደሴት እንዲዛወር ቢወሰንም እዚያም አልተሠራም። መሬቱ ዛሬም የሩዝና የቢትል ማሳ ነው፤ ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ሃልዲያ፣ ወደ ካልካታ የልብስ ስፌት ሰፈሮችና ወደ ሌሎች ግዛቶች ይሄዳል። በ2024ቱ የፌዴራል ምርጫ ናንዲግራም የሚገኝበትን የታምሉክን የፓርላማ ወንበር የቢጄፒ እጩ፣ የቀድሞው የካልካታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ አቢጂት ጋንጎፓድያይ አሸንፈዋል፤ ፓርቲው ያን ወንበር ሲይዝ የመጀመሪያው ነው።